ዓይናቸውን የጨፈኑ ጫጩቶች

ሐምሌ ላይ ነው። ቢሾፍቱ ዳርቻ ዶሮ የሚያረባ ሰው ደወለልኝ። «ዶክተር፣ ጫጩቶቼ ዓይናቸውን ታመሙብኝ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ እንዳይሆን ፈራሁ» አለኝ። እኔ ሳልደርስ አንቲባዮቲክ ገዝቶ በውሃቸው መበጥበጥ ጀምሯል። ለውጥ የለም። በእንስሳት ሕክምና ሥራዬ እንዲህ ያለው ስልክ ክረምት ላይ ይበዛል።

ስደርስ የዶሮ ቤቱ ሸራ ከላይ እስከ ታች ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። በሩን ስከፍተው ዓይኔ አነባ፣ ጉሮሮዬም ተቃጠለ። መጥፎ ሽንት ቤት ስንገባ የምናውቀው ያ የሚሰነፍጥ ሽታ ነው፤ አሞኒያ። እዚህ ግን በጣም በርትቷል። ጫጩቶቹ ተኮልኩለው ብዙዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። አንዳንዶቹ ጭንቅላታቸውን ክንፋቸው ላይ ያሻሉ።

ጫጩቶቹን የምትንከባከበውን ልጅ «ይሄ ሽታ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«የምን ሽታ ዶክተር?» አለችኝ።

ከልቧ ነው። ቀኑን ሙሉ እዚያ ስለምትውል አፍንጫዋ ለምዶታል። ዓይኗ ግን ቀልቷል፣ ደረቅ ሳልም ያስላታል። ሰው ሁሉ «ብርድ ነው» ስላላት የሳል ሽሮፕ እየጠጣች ነበር።

አሞኒያ ላይ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። አፍንጫ ለምዶ ዝም ሲል ጋዙ ሥራውን አያቆምም። እርጥብ ነገር ባገኘ ቁጥር ስለሚሟሟ ዓይንን፣ አፍንጫንና ጉሮሮን ቀድሞ ያገኛል። ሲበረታ ሳንባ ድረስ ይዘልቃል፤ አስም ያለበትን ሰውማ ወዲያው ያፍነዋል። በአሜሪካ የሥራ ጤና ተቋም ምክር ሠራተኛ ሙሉ ቀን የሚተነፍሰው አየር ከሚሊዮን እጅ ውስጥ ከ25 እጅ በላይ አሞኒያ ሊኖረው አይገባም። 300 እጅ ሲደርስ ለሕይወት አስጊ ነው። ለዶሮም ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጣሪያ ያው 25 ነው። መለኪያ በሌለበት ቤት ታዲያ ማንን እንጠይቅ? ከውጭ ገና የገባውን ሰው። እዚያው የሚውለው ሰው ሽታ የለም ቢል ማስረጃ አይሆንም።

ጎንበስ ብዬ በጫጩቶቹ ቁመት ተነፈስኩ። ቆሜ ከተነፈስኩት የባሰ ነው። ምንጩ እግራቸው ሥር ነዋ! የውሃ መጠጫዎቹ ያፈሳሉ፤ ሥራቸው ያለው የጤፍ ጭድ ጭቃ ሆኗል። በዶሮ ኩስ ውስጥ ዩሪክ አሲድ አለ። እርጥበትና ሙቀት ሲያገኝ ባክቴሪያ ወደ አሞኒያ ይቀይረዋል። ጉዝጓዙ ደረቅ ቢሆን ኖሮ ሽታው እዚህ ባልደረሰ።

የሞቱትን ከፍቼ አየሁ። የፈንግል ነው የምለው ምልክት አላገኘሁም፤ የአየር ቧንቧቸው ግን ቀልቷል። አሞኒያ የአየር ቧንቧን የሚጠርጉትን ጥቃቅን ፀጉሮች ስለሚጎዳ ለሌላ በሽታ በር ይከፍታል። ስለዚህ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላክን፣ ውጤቱን ግን ቁጭ ብለን አልጠበቅንም።

ባለቤቱ «ሸራውን ከከፈትኩ ብርድ ይመታቸዋል» ብሎ ተከራከረኝ። አልፈረድኩበትም። ታክሲ ውስጥ መስኮት ሲከፈት ስንት ሰው እንደሚጮህ እናውቃለን። ጫጩትም እውነትም ሙቀት ይፈልጋል። ግን ነፋስ ጫጩት ላይ መልቀቅ ሌላ ነው፣ የታፈነ አየር ከላይ እንዲወጣ ማድረግ ሌላ ነው። የሸራውን የላይኛውን ክፍል ብቻ ከፈትን። ደግሞ ውስጥ ከሰል እየነደደ ነበር! ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሽታ እንኳ የለውም። በተዘጋ ቤት ሰውም ዶሮም ይገድላል።

ሽታውን ሊያጠፋ ብሎ የኖራ ከረጢት አዘጋጅቶ ነበር። ቶሎ ከለከልኩት። ኖራ እርጥብ ኩስ ላይ ሲበተን አሞኒያው ይበልጥ እንዲወጣ ያደርጋል። እርጥቡን ጭድ በአካፋ አውጥተን ደረቅ ሰጋቱራ አለበስን፣ የሚያፈሱትን መጠጫዎችም ጠገንን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ልጅቷ ውጭ ነበረች። ዓይኗን በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አስታጠብኳትና ጤና ጣቢያ እንድትሄድ ነገርኳት። ኪሷ ውስጥ የጨርቅ ማስክ ነበራት። አቧራ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ጋዝ አያግድም።

ስትሄድ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። «ቤት ሽንት ቤት ሳጥብም ዓይኔን ያቃጥለኛል። ያው ነው?»

«በምንድን ነው የምታጥቢው?» አልኳት። በበረኪና ነው። የቆየ ሽንት አሞኒያ አለው። በረኪና ሲደፋበት ክሎራሚን የሚባል ሌላ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። መጀመሪያ በብዙ ውሃ አጥቢ፣ በሩን ክፈቺ፣ በረኪናውን ከዚያ በኋላ አልኳት። አንዳንድ የመስታወት ማጽጃና የፀጉር ቀለምም አሞኒያ አለው፤ እነሱንም ከበረኪና ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው። ይሄንን ለእናቷም እንድትነግር አደራ አልኳት።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። የላቦራቶሪው ውጤት ፈንግል አይደለም ብሏል። አብዛኞቹ ጫጩቶች ዓይናቸውን ከፍተው ይበላሉ። የዓይናቸው ብሌን የቆሰለው ጥቂቶቹ ግን አልዳኑም፤ መኖ ማግኘት ስላልቻሉ ከስተዋል። የልጅቷ ሳል ቀንሷል። ባለቤቱ አሁንም ለከሰል ብዙ አወጣሁ እያለ ያማርራል። ለአንቲባዮቲኩ ያወጣውን እንዲደምርበት ነገርኩት። ከአሁን በኋላም ጠዋት ጠዋት ከውጭ ሲመጣ መጀመሪያ ራሱ ገብቶ፣ ጎንበስ ብሎ እንዲያሸት ተስማማን።