አንደኛ ብዬ ሦስተኛ

ዛሬ ጠዋት መብራት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮን ስለቅ መኪናው ተንገጫግጮ ጠፋ። ድጋሚ አስነሳሁ። ያው። ከኋላዬ ያለው ታክሲ ጡሩምባውን ለቀቀው። ለካ አንደኛ ያልኩት ሦስተኛ ነው!

ጥፋቱ የራሴ ነው። ቅዳሜ ሱማሌ ተራ ወርጄ ለኮሮላዬ አጭር የማርሽ ዘንግ ገዛሁ። ኦሪጅናል አይደለም፣ ግን ሲያዩት ያምራል። ራሴው ገጠምኩት።

የሰፈራችንን መካኒክ «ጋሼ፣ ካምቢዮው አለቀለት?» ስላቸው «ቆይ እስቲ፣ አጥፋው» አሉኝ። ሞተሩ ጠፍቶም አንደኛና ሁለተኛ እምቢ አሉ። «ችግሩ ፍሪሲዮን ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሲጠፋ ይገባልህ ነበር» አሉኝ። የማርሹን ቆዳ ገለጡና ግራና ቀኝ የሚወስደውን ኬብል በጣታቸው ነቀነቁት። ጫፉ ላይ ያለችው የአዲሱ ዘንግ ፕላስቲክ ቡሽ (ኬብሉን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ቀለበት) ሰፍታበት ወዲህ ወዲያ ትላለች። ዘንጉ ግራ ጥግ ይደርሳል፣ ኬብሉ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ለዚህ ነው አንደኛ ስል ሦስተኛ የገባው።

የአሮጌውን ዘንግ ቡሽ ፈልቅቀው ከተቱበት። 10 ደቂቃ አልፈጀም። ሂሳብ ስጠይቃቸው «ማኪያቶ ጋብዘኝ» አሉ።

አምስተኛ አሁንም ትንሽ ያንገራግራል፤ ነገ ኬብሉን እናስተካክላለን። ዘንጓን ግን አልፈታትም፣ ታምራለቻ!