ያልተቆፈረው መደብ

አባቴ ሰውን የሚመዝነው በእርሻው ነበር። በእኛ አገር፣ ምሥራቅ ጎጃም፣ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ ማሳውን ገምሶ፣ ደግሞ፣ ሰልሶ አይበቃውም። አራት አምስት ጊዜ አርሶ ጓሉን ካላደቀቀ፣ ከዚያም ከብት አስገብቶ ካላስረገጠ ዘሩን አይበትንም። ጤፍ ደቃቅ ናት፤ ከጓል ሥር ከገባች አትወጣም። ስለዚህ በማሳው ዳር የሚያልፍ ሁሉ አፈሩን አይቶ በባለቤቱ ላይ ይፈርዳል። ከተማ ገብቼ ስማርም፣ ባሕር ስሻገርም ይህ ሚዛን ከውስጤ አልወጣም፤ ያልታረሰ መሬት የሰነፍ መሬት ነው።

ታዲያ አሁን አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ በምኖርበት ቤት ቤዝመንት ውስጥ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ቃሪያ የማበቅልበት መደብ አለኝ። አፈሩ ከተሞላ ወዲህ አካፋ አልነካውም። ዘዴውን ያሳዩኝ አጥር የምንጋራቸው ሽማግሌ ጎረቤቴ ናቸው። እሳቸው በዚያው ዘዴ የሚያበቅሉት ግን ካናቢስ፣ ማለትም ማሪዋና ነው።

ፊቱን የሚያጠቁር አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ሕጉን ላስቀድም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ዕድሜው 21 የሞላው ሰው ለራሱ ፍጆታ በአንድ ቤት እስከ 4 ተክል ማብቀል ይችላል። በየተክሉ ላይ ስሙንና የመታወቂያ ቁጥሩን፣ ለግል ጥቅም መሆኑንም የሚገልጽ ወረቀት ማንጠልጠል አለበት፤ ከመንገድ መታየትም የለበትም። ድልድዩን ተሻግረው ሜሪላንድ ሲገቡ ቁጥሩ በቤት 2 ይሆናል። ዲሲ ደግሞ ለአንድ ሰው 6 ነው፣ ከነዚያም የደረሱት ከ3 መብለጥ የለባቸውም። የፌዴራሉ መንግሥት ነገር ግን ለብቻው ነው። የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2019 ባወጣው መመሪያ፣ ስቴቱ ቢፈቅድም እንኳ ከማሪዋና ጋር የተያያዘ ድርጊት ለዜግነት የሚጠየቀውን የመልካም ጠባይ መስፈርት ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ ጽፏል። እኔ ግሪን ካርድ ይዤ ቃለ መጠይቅ የምጠብቅ ሰው ነኝ። ጎረቤቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ "ውሃ ታጠጣልኛለህ?" ቢሉኝ፣ በእኛ ወግ ይህ እንቢ የሚባል ነገር ባይሆንም፣ እንቢ አልኳቸው። ምክንያቱን ስነግራቸው አልተቀየሙም፤ ጫፉ የሸክላ የሆነ፣ አፈሩ ሲደርቅ ራሱ የሚያንጠባጥብ መሣሪያ ገዝተው ሄዱ። ወረቀት የምትጠብቁ ወገኖቼ፣ ይህችን ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ብትይዙልኝ ይበቃኛል።

ጎረቤቴ የተወለዱት በደቡብ ቨርጂኒያ፣ ከትንባሆ ገበሬ ቤት ነው። ትንባሆ መሬት ይበላል ይላሉ። አባታቸው በየዓመቱ ያርሱ ነበር፣ በየዓመቱም ቀዩ አፈር በዝናብ ተጠርጎ ወንዝ ይገባ ነበር። ይህን ሲያወሩልኝ ዓባይን አሰብኩ፤ በነሐሴ ያ ሁሉ ቡናማ ውሃ የማን ማሳ እንደሆነ ማንም የጎጃም ልጅ አይጠፋውም። ሳያርሱ ማብቀልን የመረጡት ስለ ካናቢስ ብለው ሳይሆን ስለዚያ ቀይ አፈር ብለው ይመስለኛል።

ሐሳቡ ይህ ነው። አፈር ውስጥ ከሥር ጋር ተቆራኝተው የሚኖሩ፣ ከፀጉር የቀጠኑ የፈንገስ ክሮች አሉ። ተክሉ ስኳር ይሰጣቸዋል፣ እነሱም ሥሩ ከማይደርስበት ፎስፈረስና ውሃ ያመጡለታል። አካፋ በገባ ቁጥር ክሩ ይበጣጠሳል። ከእኛ ብዙ በማይርቀው ቤልትስቪል፣ ሜሪላንድ፣ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምርምር ማዕከል ሣራ ራይት የተባሉ ሳይንቲስት በ1996 ግሎማሊን የሚባለውን፣ እነዚህ ክሮች ያወጡታል የተባለውን ሙጫ መሰል ነገር ለይተው አውጥተው ነበር። ምንነቱ ላይ ተመራማሪዎች ቢከራከሩም፣ ያልታረሰ አፈር እንክብል እንክብል ብሎ ተያይዞ እንደሚቆይ ግን ማንም በእጁ ዘግኖ ማየት ይችላል። የእኔ መደብ እንደዚያ ሆኗል። ውሃ ሲፈስበት አይጨቀይም፤ ይጠጣዋል።

አፈሩን ስንቀላቅል የተከተልነው በኦሪገን አብቃዮች ዘንድ የታወቀውን ቀመር ነው። አንድ ሦስተኛ ፒት ሞስ (ከረግረግ የሚወጣ የዕፅዋት ብስባሽ)፣ አንድ ሦስተኛ ብስባሽና የትል ፍግ፣ አንድ ሦስተኛ ደግሞ አየር የሚያስገባ ነገር፤ እኛ ፑሚስ አደረግን፣ በስምጥ ሸለቆ አገራችን ሞልቶ የተረፈውን ያንን ቀዳዳማ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ። በአንድ ኪዩቢክ ጫማ ድብልቅ ላይ የኒም ፋጉሎ፣ የደረቀ የባሕር አረም ዱቄትና የሸርጣን ቅርፊት ዱቄት ግማሽ ግማሽ ስኒ ይጨመራል። የባዛልት ድንጋይ ዱቄት 4 ስኒ፣ ኖራና ጂፕሰም ተደባልቀው 1 ስኒ። ፒት ሞስ ኮምጣጣ ስለሆነ ያለ ኖራ አይሆንም። ኖራ ለኮምጣጣ አፈር መሆኑን ጎጃም ውስጥ ልጅም ያውቃል፤ በየቀበሌው ሲታደል አይተናል። የሸርጣኑ ቅርፊት ናይትሮጅንና ካልሲየም ይሰጣል፣ ካይቲን የተባለውን ክፍሉን የሚበሉ ባክቴሪያዎችንም ያራባል። በባዛልቱ ላይ ግን ከጎረቤቴ ጋር አልስማማም። ድንጋይ የሚፈታው በዓመታት ነው፤ ለዚህ መኸር ብሎ 4 ስኒ ማፍሰስ ለሻጩ እንጂ ለተክሉ የሚጠቅም አይመስለኝም። በእኔ መደብ ግማሹን ብቻ አደረግሁ፣ በሶብላዬም አላጉረመረመም።

ከዚያ በኋላ የሚጨመር ሁሉ ከላይ ነው። ተክሉ ሲቆረጥ አይነቀልም፤ አንገቱ ላይ ተቆርጦ ሥሩ እዚያው ይበሰብሳል፣ አዲሱ ችግኝ ከጎኑ ይተከላል። ላዩ በገብስ ገለባ ይሸፈናል፤ ከገለባው ሥር ማገጥ ዘርተናል፣ ከማገጡ ሥር ቀያይ ትሎች አሉ። ማገጡ ሲረዝም በመቀስ ይቆረጥና እዚያው ይወድቃል።

አንድ ቀን ጎረቤቴ በቡና መፍጫ የሆነ እህል ሲፈጩ ደረስኩ። ሽታውን ገና ከበሩ ለየሁት፤ ብቅል ነው። የበቀለ ገብስ ፈጭቶ በወር አንዴ አፈሩ ላይ መነስነስ በእነዚህ አብቃዮች ዘንድ የተለመደ ነው። እህል ሲበቅል ስታርችና ፕሮቲን የሚፈቱ ኤንዛይሞችን ያወጣል፤ እነዚህ አፈር ውስጥ ገብተው የተጨመረውን ሁሉ ቶሎ እንዲፈርስ ያግዛሉ ነው ሐሳቡ። እሳቸው ለጠማቂዎች ከሚሸጥ ሱቅ በውድ ይገዙታል። ሳቄ መጣ። ባለቤቴ ለፋሲካ ጠላ ልትጠምቅ ያበቀለችው የገብስ ብቅል ጓዳችን ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ጆንያ ሙሉ አምጥቼ ሰጠኋቸው። ተክሉ ከብቅሉ በእርግጥ ምን ያህል እንደሚጠቀም በልኬት የነገረኝ የለም። ትሎቹ ግን ወደዱት፤ ማታ ገለባውን ገለጥ ሲያደርጉት ብቅሉ ላይ ተሰብስበው ይገኛሉ። ብቅሉ ሳይቆላ መሆን አለበት፤ እሳት የነካው ኤንዛይሙ ሞቷል። ይህን ባለቤቴ ነገረችን፣ በኤንዛይም ስም ሳይሆን "የቆላኸው ብቅል ጠላ አያፈላም" ብላ።

ለእናቴ ስልክ ደውዬ ስለ መደቡ ስነግራት፣ "ሳትቆፍር?" ትለኛለች ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ "የእኔን ጓሮ መቼ ተቆፍሮ አየኸው ልጄ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጌሾው፣ ጤና አዳሙ፣ በሶብላው፣ ከቤቱ ጀርባ የነበረው ሁሉ ሞፈር ነክቶት አያውቅም። የጠዋት ጉድፍ፣ የምድጃ አመድ፣ የጠላ አተላ፣ የጥጃ ፍግ ከላይ ይደፋበታል፣ አለቀ። አባቴ በማሳው ሲመሰገን ያ ጓሮ እርሻ ተብሎ ተቆጥሮ አያውቅም፤ እኔም አልቆጠርኩትም ነበር። ወጡ ግን የሚጣፍጠው ከዚያ በሚመጣው ነው። አመዱን ጎረቤቴ እንዳልሞክረው ነገሩኝ፤ የእኛ ድብልቅ ኖራ ስለጠገበ አመድ ሲጨመርበት ኮምጣጣነቱ ከልክ በላይ ይጠፋል። በአሲዳማው የደጋ አፈር ላይ ግን እናቴ ልክ ነበረች።

መብራቱ ላይ ሲደረስ የእናቴ ጓሮ አይረዳኝም፣ እዚያ ፀሐይ በነፃ ነው። ጎረቤቴ ድሮ 1000 ዋት የሶዲየም መብራት ነበራቸው፤ ቤዝመንቱን ምድጃ ያደርገው ነበር አሉ። አሁን ሁለታችንም ኤልኢዲ ነን፣ የእሳቸው 480 ዋት። ነጩ ኤልኢዲ የመጣው ሦስት ጃፓን ተወላጆች በ2014 በፊዚክስ ኖቤል ከተሸለሙበት ሰማያዊ ብርሃን ነው። ሰው መብራት ሲገዛ ዋቱን ይጠይቃል፤ ተክሉ የሚቆጥረው ግን በየሰከንዱ ቅጠሉ ላይ የሚያርፈውን የብርሃን ቅንጣት ነው፣ በካሬ ሜትር በማይክሮሞል (በሞል ሚሊዮንኛ) የሚለካውን። ለበሶብላዬ 250 በቀን 16 ሰዓት ይበቃዋል። የካናቢሱ ሆዳም ነው። ቅጠል ሲያበዛ 600 ለ18 ሰዓት፣ ሲያብብ 900 ለ12 ሰዓት ይሰጡታል። አባዙት፣ የቀኑ ድምር አንድ ነው፤ ወደ 39 ሞል። የተለወጠው የሌሊቱ ርዝመት ብቻ ነው፣ ተክሉም የሚያብበው ሌሊቱን ቆጥሮ ነው። በዚያ 12 ሰዓት ጨለማ ውስጥ የቻርጀር አረንጓዴ ነጥብ እንኳ እንዳይታይ ጎረቤቴ በጥቁር ፕላስተር ይሸፍናሉ።

ቨርጂኒያ በጁን ቀኑ ወደ 15 ሰዓት ይጠጋል፣ በዲሴምበር ከ10 ያንሳል። ደብረ ማርቆስ ግን በጋም ክረምትም ከ12 ብዙ አትርቅም። ስለዚህ ጎረቤቴ ተክላቸው እንዲያብብ ሲፈልጉ በሰዓት መቆጣጠሪያ የሚሠሩለት ቀን የእኔን አገር ቀን ነው። ስነግራቸው ካርታ አምጥተው አዩት።

እዚህ ላይ የሚከነክነኝን ልጻፍ። 480 ዋት በ12 ሰዓት 5.76 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ በየቀኑ፣ ለወራት። በ2021 የወጣ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጥናት በአሜሪካ ቤት ውስጥ የበቀለ አንድ ኪሎ ደረቅ ካናቢስ እንደ ቦታው ከ2,283 እስከ 5,184 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጥን የሙቀት አማቂ ጋዝ ያስወጣል ይላል፤ አብዛኛው ለማሞቂያ፣ ለማቀዝቀዣና ለመብራት በሚሄደው ኃይል ምክንያት። "ኦርጋኒክ" የሚል ጽሑፍ ለጥፎ ይህን አለማንሳት ለእኔ ግማሽ እውነት ነው። በሌላ በኩል፣ ብዙዎቹ የቤት ውስጥ አብቃዮች ከእያንዳንዱ መኸር በኋላ አፈሩን በከረጢት አሥረው ይጥላሉ፤ ያ ፒት ሞስ በካናዳ ረግረግ ውስጥ በሺህ ዓመታት የተጠራቀመ ነው። አለመቆፈርን ከምርት ብዛት ይልቅ በዚህ እደግፈዋለሁ። የእኔ መብራት ትንሽ ቢሆንም፣ በበጋ ቃሪያውን ወደ ውጭ አወጣለሁ።

እናቴ በሰው የጌሾ ዘር ልካልኛለች። ጎረቤቴ ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ ሆፕስ ለቢራ የሚሠራውን ሥራ ለጠላ የሚሠራ መራራ ቅጠል ነው አልኳቸው። ሆፕስ የካናቢስ ዘመድ መሆኑን፣ በአንድ ቤተሰብ እንደሚመደቡ ነገሩኝና ጌሾውም ከነሱ ወገን እንዳይሆን ተጠራጠሩ። አይደለም፤ ለማረጋገጥ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቅ ሰው ትጋት ነበረኝ። ጌሾ ዛፍ ይሆናል፣ በ2 ሜትር የተክል ማብቀያ ድንኳን ውስጥ እየተከረከመ ይኖር እንደሆነ እናያለን። ከመደቡ ጥግ ገለባውን ገለጥ አድርጌ ዘርቼዋለሁ፣ አንድ ጭብጥ ያልተቆላ ብቅልም ከላዩ።