የበሶብላው ሳህን

እናቴ ከፎገራ መጥታ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታችን በረንዳ ላይ መቀመጥ በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ ቁርጭምጭሚቷን በጥፊ መትታ መዳፏን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ሰዓቱ ከረፋዱ አራት ነው። «ይኸ ደግሞ ምን ዓይነት ቢምቢ ነው? በጠራራ ፀሐይ የሚናከስ!» አለች። የጣና ዳር ልጅ ናት፤ ስለ ቢምቢ ሰው አያስተምራትም። እሷ የምታውቃት የወባ ትንኝ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ብቅ የምትል፣ ሌሊቱን በጆሮ ሥር እየዘመረች የምታድር፣ ጎሕ ሲቀድ የምትሰወር ናት። መዳፏ ላይ የተጨፈለቀችው ግን ጥቁር ሆና፣ እግሮቿ በነጭ የተዥጎረጎሩ፣ ጀርባዋ ላይ አንድ ነጭ መስመር ያለባት ነበረች።

የእስያ ነብር ትንኝ ይሏታል። እዚህ አገር የገባችው ባሮጌ የመኪና ጎማ ተሳፍራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ቴክሳስ፣ ሂውስተን ውስጥ ተደላድላ ስትራባ ተገኘች፤ ከዚያ ወዲህ የአገሪቱን ምሥራቅ አዳርሳዋለች። እኛም መጤ፣ እሷም መጤ። ልዩነቱ እሷ ለመኖሪያ ፈቃድ አልተሰለፈችም።

እኔ በዚያ ሰሞን በትንኝ ጉዳይ ራሴን እንደ ብልህ እቆጥር ነበር። በመጋቢት መጨረሻ አንድ አንደበተ ርቱዕ ወጣት በር አንኳኩቶ፣ ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት በየሦስት ሳምንቱ ጓሮ የሚረጭ ኩባንያ እንደላከው ነግሮኝ ተፈራርመናል። የአንዱ ርጭት ዋጋ 85 ዶላር። ሠራተኛው ሞተር በጀርባው አዝሎ ይመጣና ቁጥቋጦውን ከሥር ወደ ላይ በጉም ያጥነዋል፤ ትንኝ የምታርፈው ከቅጠል ሥር ነውና። ሲጨርስ ሣሩ ላይ «እስኪደርቅ አትግቡ» የሚል ትንሽ ባንዲራ ተክሎ ይሄዳል።

እናቴ ይህን ስታይ ሳቋ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 ኢትዮጵያ ውስጥ ወደ 150 ሺህ ሰው ከፈጀው የወባ ወረርሽኝ በኋላ መንግሥት የወባ ማጥፊያ ድርጅት አቋቁሞ በየቤቱ ዲዲቲ ያስረጭ ነበር። እሷ ያኔ ልጅ ናት። ዕቃው ሁሉ ወደ ደጅ ሲወጣ፣ ሊጡ ሲከደን፣ ግድግዳው በመድኃኒቱ ነጥቶ ሲከርም ታስታውሳለች። «እነዚያስ ቤት ገብተው ግድግዳ ነበር የሚረጩት። ይኸ ሰውዬ ዱሩን ነው የሚያጥን» አለችኝ። ነገሯ እውነት አለው። የወባ ትንኝ ደም ከጠጣች በኋላ ግድግዳ ላይ ስለምታርፍ፣ መድኃኒቱ እዚያው ይጠብቃታል። የእኔ ጓሮ ግን ግድግዳ የለውም፤ ዝናብ ሲጥል ያልደረቀው ሁሉ ታጥቦ ይወርዳል።

ሐምሌ ላይ በሶብላዬ አበበ። በረንዳው ላይ አሥራ አራት የአበባ መትከያ ደርድሬ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ትንሽ ጌሾ አበቅል ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ እናቴ በሶብላው ሥር ተንበርክካ ንቦች በነጠላዋ ጫፍ ትለቅማለች። የሞቱም፣ በጀርባቸው ተገልብጠው የሚወራጩም ነበሩ። ረጪው አበባውን ከቁጥቋጦው አልለየውም። መድኃኒቱ ፓይሬትሮይድ ከሚባለው ወገን ነው፤ ትንኝን ሲገድል ንብንም ዓሣንም አይምርም። ንብ የሚቀስመው አበባ ላይ እንዳይረጭ ማሸጊያው ላይ ተጽፏል። ማን ያነበዋል! እናቴ ነጠላዋን አራግፋ «ትንኙን ትተው ንቡን ፈጁት» ብላ ገባች። ያን ቀን ቡና አላፈላችም።

ኩባንያው ጋ ደወልኩ። ትንኙ የሚመጣው ከጎረቤት ነው አሉኝ፤ ርጭቱ በየሁለት ሳምንቱ ቢሆን እንደሚሻልም መከሩኝ። ይህቺ ትንኝ ግን ከተፈለፈለችበት ብዙ ርቃ የማትበር ሰነፍ ናት። ቁርጭምጭሚትህን የነከሰችህ ወይ የአንተ ቤት ልጅ ናት፣ ወይ የአጥር አዋሳኝህ። ይህን የተረዳሁት ዘግይቼ ነው፤ ያስረዳችኝም እናቴ።

አንድ ጠዋት የቡና አተላ ልትደፋ ወጥታ ጠራችኝ። አንዱን የበሶብላ መትከያ ብድግ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ሳህን አሳየችኝ። የበረንዳው እንጨት እንዳይበሰብስ ብዬ በየመትከያው ሥር የፕላስቲክ ሳህን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ውስጡ ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ አለ፤ ውሃው ውስጥ እንደ ክር ቁራጭ የቀጠኑ እጮች ይገለባበጣሉ፤ ጥላዋ ሲያርፍባቸው ሁሉም ተሯሩጠው ወደ ታች ሰመጡ። «ቤትህ እያረባህ ዘበኛ ትቀጥራለህ?» አለችኝ። አሥራ አራቱንም አየን። ከአሥራ አንዱ ሥር ነበሩ። የጠርሙስ ክዳን የሚሞላ ውሃ የሚበቃት ትንኝ፣ እኔ ሰፊ ሳህን ዘርግቼላት በየሦስት ሳምንቱ 85 ዶላር እከፍልባት ነበር።

ውሃውን መድፋት ብቻ እንደማይበቃ የነገረኝ ከጊዜ በኋላ ያነበብኩት ነው። እንቁላሏን የምታጣብቀው ከውሃው ከፍ ብሎ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ነው፤ ለወራት ደርቆ ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። እናቴ ግን ሳታነብ በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ፈግፍጋው ነበር። «ምን ታደርገዋለህ፣ ያጣብቃል» ብላ ነው። ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራችን ሆነ፤ ከእንቁላል እስከ ባለ ክንፍ ትንኝ ሳምንት ከጥቂት ቀን ስለሚፈጅ፣ በየሳምንቱ ያፈሰሰ ሰው ይቀድማታል። የልጆቹን ባልዲ፣ የብስክሌቱን ሸራ፣ የተረሳውን አካፋ ሳይቀር ገለበጥን። ያም ሆኖ አልጠፋም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከፈለግሁ በኋላ ያገኘሁት ከአሸንዳው የሚወርደውን ውሃ ወደ ሣሩ የሚወስደው ጥቁር ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው እጥፋት እጥፋት ስለሆነ በየሸንተረሩ ውሃ ያቁራል። ለስላሳ ቱቦ ቀየርኩለት። ሊደፋ በማይችለው የዝናብ ውሃ በርሜል ውስጥ ደግሞ ቢቲአይ የሚባል ባክቴሪያ የያዘ፣ መሐሉ የተበሳ ክብ ነገር ጣልኩበት፤ ለአንድ ወር ያህል እጩን ብቻ እየመረጠ ይገድላል፣ ንብ አይነካም። ኮንትራቱን ያቋረጥኩ ቀን ቅጣት ከፈልኩ። ለቡና ሰዓት አንድ የቆመ ማራገቢያ ገዝቼ በረንዳው ላይ አቆምኩ፤ ትንኝ ነፋስ አትችልም። እናቴ ዕጣኑን ወሰደብኝ ብላ ስታጉረመርም ከረመች።

ትንኙን እንዲህ ረታነው። መዥገሩ ግን ሌላ ነው።

ቤታችን ከጫካ ጋር ይዋሰናል። የመጀመሪያው ዓመት አጋዘኖች ጓሯችን ገብተው ሲያዩን ቤተሰቡን ሁሉ በመስኮት ሰብስቤ ፎቶ አነሳሁ። አገሬ እያለሁ አጋዘን ለማየት ባሌ ተራሮች መሄድ ነበረብኝ። ጎመኔን ጨርሰው ሄዱ፤ መዥገራቸውን ትተውልኝ። ቆዳ ላይ ቀይ ምልክት የሚያወጣውን፣ ላይም የሚባለውን የባክቴሪያ በሽታ የሚያስተላልፈው ጥቁር እግር መዥገር ሲጎለምስ ከአጋዘን ይጣበቃል፤ በሽታውን የሚቀበለው ግን በአብዛኛው ከትንሿ ነጭ እግር አይጥ ነው። አይጧ ደግሞ እኔ በአጥሩ ሥር በከመርኩት ማገዶና የቅጠል ክምር ውስጥ ትኖራለች።

እናቴ የአምስት ዓመት ልጄን ሹሩባ ስትሠራት «ምነው ጤፍ ተጣበቀባት?» አለች። ከጆሮዋ ኋላ ነው። በጥፍሯ ነካችው፤ አልተነሳም። እግር አለው! እሷ የምታውቀው መዥገር በላም ጡት ላይ ባቄላ አክሎ የሚንጠለጠል፣ ዶሮ እየለቀመች የምትበላው ነው። ጤፍ የሚያክል መዥገር መኖሩን ማመን አቃታት። በግንቦትና በሰኔ ሰውን የሚነክሰው ግን ገና ያልጎለመሰው ይህ ነው፤ ስለማይታይ ብዙ ሰው ሳያውቀው ጠግቦ ይወርዳል። «ቅቤ አምጣ፣ ይታፈንና ይለቅቃል» አለች። እምቢ አልኳት። ቅቤም ሆነ ክብሪት መዥገሩን ከማስቆጣት በቀር አይረዳም፤ ሲቆጣም የሆዱን ወደ ቁስሉ ሊመልስ ይችላል። ጫፉ የሾለ መቆንጠጫ ይዤ ከቆዳዋ ሥር ያዝኩትና ሳልጠመዝዝ ቀጥ አድርጌ ሳብኩት።

ሐኪሟ ስንት ሰዓት ቆየባት ብላ ጠየቀች። ማታ ታጥባ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ቀን አልሞላውም፤ በሽታው እንዲተላለፍ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቆ መቆየት አለበት። ለ30 ቀን ቆዳዋን ተከታተሉ ተባልን። የተሰጠን ወረቀት ላይ ያሉት ፎቶዎች ሁሉ በነጭ ቆዳ ላይ እንደ ዒላማ የተከበበ ቀይ ምልክት የሚያሳዩ ናቸው። በልጄ ቆዳ ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድም የለም። በጥቁር ቆዳ ላይ ቅላቱ ደብዝዞ፣ ጠይም ወይም ወይን ጠጅ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይህን ነግሮን የሚያስፈራራን ሰው ቢኖር አመሰግነው ነበር።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ቨርጂኒያ የሚኖር የአገሬ ልጅ ነው። ካለፈው መኸር ጀምሮ አንዳንድ ሌሊት ሰውነቱ እያሳከከው፣ ሽፍ እያለበት፣ ሆዱን እየቆረጠው ይነቃ ነበር። በርበሬ ነው አለ፤ በርበሬ ቀየረ። በዐቢይ ጾም አምሳ አምስቱን ቀን ፍጹም ጤነኛ ሆነ። ለፋሲካ ማታ ጥሬ ሥጋውን እንደ ልማዱ በላ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከንፈሩ አብጦ፣ ትንፋሽ አጥሮት አምቡላንስ ተጠራ። «በጾም ደህና ነኝ፣ በፍስክ እታመማለሁ» ሲላት ነው ሐኪሟ ነገሩ የገባት። በደሙ ምርመራ አልፋ ጋል የሚባለው አለርጂ ተገኘበት። አልፋ ጋል በበሬ፣ በበግ፣ በፍየል ሥጋ ውስጥ ያለ ስኳር ነው፤ ጀርባዋ ላይ ነጭ ነጥብ ያለባት ሎን ስታር የምትባል መዥገር ስትነክስ ሰውነታችን ያንን ስኳር እንደ ጠላት እንዲቆጥር ታለማምደዋለች። ሕመሙ ከተበላ ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ቆይቶ ስለሚመጣ ማንም ሥጋውን አይጠረጥርም። ነገሩን ከደረሱበት ሳይንቲስቶች አንዱ፣ የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ቶማስ ፕላትስ ሚልስ፣ ራሳቸው በመዥገር ተነክሰው ሥጋ የከለከላቸው ሰው ናቸው።

ወዳጄ አሁን ዶሮና ዓሣ ይበላል። ቅቤም ስለሚያሳክከው ዶሮ ወጡ በዘይት ይሠራለታል። ክትፎ ባለበት ግብዣ ሲጠራ በልቼ መጣሁ ይላል።

ከዚያ በኋላ ማገዶውን ከአጥሩ አራቅሁ፤ ቅጠሉን ጠረግሁ፤ የልጆቹን ዥዋዥዌ ከጫካው ጠርዝ ነቅዬ ፀሐይ ላይ ተከልኩ። በሣሩና በጫካው መሃል 90 ሳንቲሜትር ስፋት የእንጨት ፍቅፋቂ አነጠፍኩ፤ መዥገር ደረቅና ሞቃት መንገድ አትወድም። ሣር ያጨድኩበትን ልብስ ሳላጥብ አስቀድሜ በሞቃት ማድረቂያ አሥር ደቂቃ አዞረዋለሁ። እናቴ ደግሞ ማታ ማታ ሁላችንንም በተራ ታስቀምጥና በጉልበት እጥፋት፣ በብብት፣ በጆሮ ኋላ ትፈልጋለች። እኔን የአርባ ሁለት ዓመቱን ጭምር።

ጥቅምት ላይ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ነገር ያ መቆንጠጫ ነበር። ለላሟ ጆሮ ነው አለች። ባለፈው ሳምንት ደውላ ጎረቤት ተውሶ አልመለሰልኝም፣ ሌላ ላክ አለችኝ።