መልሶ የተሠራን ጡት መልክ መመዘን፦ ከመጀመሪያው ዙር ስህተት የተማርኩት

ከካንሰር በኋላ መልሶ የተሠራን ጡት መልክ ለመመዘን መጀመሪያ ከየካርዱ ያገኘኋቸውን ፎቶዎች ሰብስቤ ለሦስት ገምጋሚዎች ሰጠሁ። ነጥባቸው በጣም ተራራቀ። ችግሩ ፎቶዎቹ ላይ ነበር። በስልክ ከቅርብ የተነሣ ፎቶ ለካሜራው የቀረበውን ጡት ያገዝፋል፤ ከላይ የሚመጣ አንድ መብራት ደግሞ ከጡት ሥር ያለውን እጥፋት በጥላ ይሸፍናል።

ስለዚህ ከዜሮ ጀመርኩ። ካሜራው በማቆሚያ ላይ፣ 1.5 ሜትር ርቆ፣ በጡት ከፍታ፤ ሌንሱ 50 ሚሊ ሜትር፤ መብራቶቹ ግራና ቀኝ በ45 ዲግሪ። አምስት ፎቶ፦ ፊት ለፊት፣ በሁለቱም ጎን በ45 እና በ90 ዲግሪ። ስድስተኛው እጅ ወደ ላይ ተነሥቶ ነው፤ ክንድ ሲወርድ የሚደበቀው የቆዳ መጎተት ያኔ ይታያል። የብርሃን መጠኑን ለካሜራው መተው ትልቅ ስህተት ነው፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ያንኑ ጠባሳ አንዴ ያጎላዋል፣ አንዴ ያደበዝዘዋል። ኬሎይድ (ወፍሮና አብጦ የሚያድግ ጠባሳ) ለሚያወጣ ቆዳ ደግሞ ጠባሳው የውጤቱ ግማሽ ነው።

በሜትር የምለካው ሴትየዋ ቆማ ነው፤ ስትተኛ ጡቱ ይዘረጋል። ከጉሮሮ ሥር ካለው ጎድጓዳ እስከ ጡት ጫፍ፣ ከጫፉ እስከ እጥፋቱ፣ ከደረት መሃል እስከ ጫፉ። ዋናው ቁጥር የግራና ቀኙ ልዩነት ነው። ጫፉ ከተወገደ የሁለቱን እጥፋቶች ከፍታ አነጻጽራለሁ።

በ1979 የወጣው የሃሪስ መለኪያ አራት ደረጃ አለው፦ እጅግ ጥሩ፣ ጥሩ፣ መካከለኛ፣ ደካማ። የተሠራው ጡቱ ሳይወገድ ለታከሙ ሴቶች ስለሆነ ብቻውን አይበቃም። መጠን፣ ቅርጽ፣ አቀማመጥና ጠባሳ ለየብቻ ነጥብ ይሰጣቸው፤ አንድ ጥቅል ነጥብ የቱ እንደተበላሸ አይናገርም። ቀዶ ሐኪሙ የራሱን ሥራ አይገምግም። ከሁለት ሳምንት በኋላ የተወሰኑትን ፎቶዎች ቅደም ተከተል ቀይሬ መልሼ አሳያለሁ፤ ገምጋሚው ከራሱ ጋር ካልተስማማ ነጥቡን አልጠቀምበትም።

ጡቱ የተሠራው በኢምፕላንት (ከውስጥ በሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ከረጢት) ከሆነ ፎቶ ጥንካሬውን አያሳይም፤ በእጅ ተዳስሶ በቤከር ደረጃ ከ1 እስከ 4 ይመዘገባል። 3 ሲሆን ጡቱ ጠንክሮ ቅርጹ መዛባቱ በዓይን ይታያል፤ 4 ላይ ሕመም ይጨመራል። የጨረር ሕክምና ይህን ስለሚያባብስ በሦስተኛው ወር ፍርድ መስጠት መቸኮል ነው፤ ቢያንስ 12 ወር እጠብቃለሁ።

የሴትየዋን ነጥብ (ብሬስት-ኪው የተባለው፣ ራሷ የምትሞላው መጠይቅ፣ ከ0 እስከ 100) ከገምጋሚዎቹ ጋር አማካይ ማውጣት አይገባም። እነሱ «ጥሩ» ያሉትን እሷ ዝቅ ካደረገችው ፎቶ የማይዘውን ልጠይቃት ይገባል፦ ይደነዝዛል? ሲነካ ይቀዘቅዛል? ጡት መያዣው ይገጥማል?