ሕገ ወጥ መረብ አንስቶ ወደ ቢሮ ለሚሄድ ሰው

በክረምት፣ ወደ ጣና በሚገባ ወንዝ አፍ ላይ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ መረብ ካያችሁ አትንኩት። ፎቶ አንሱት፣ ቦታውን መዝግቡ፣ ከዚያም የአካባቢውን የእድር ዳኛ ፈልጉ። በየስልጠናው የሚነገረው ከዚህ የተለየ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሕገ ወጥ መረብ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው አካል ያስረክብ ይባላል። እኛ አስረከብን። የደረሰብንን የምጽፈው አስቀድሞ የነገረን ሰው ስላልነበረ ነው።

እኛ የምላችሁ ባሕር ዳር የምንኖር፣ በመንጠቆ የምናጠምድ ጥቂት ጓደኛሞች ነን። አንዱ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ አንዱ አስተማሪ፣ እኔ በአንድ ድርጅት የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። ዓሣ አንሸጥም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘንጋችንን ይዘን እንወጣለን፤ ሚስቶቻችን ሥራ ፈት ይሉናል፣ አልተሳሳቱም። የምናጠምድበትን ወንዝ ስም አልጠራም። ጉማራም፣ ርብም፣ መገጭም፣ ግልገል ዓባይም ያው ችግር አለባቸው። ስም የጠራሁ ቀን ደግሞ ወንዙን ሊጠብቅ ከሚመጣው ሰው መረብ የያዘው ቀድሞ ይደርሳል።

ጣና ውስጥ ቆሮሶም አምባዛም አለ፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን የነጩ ዓሣ ነገር ነው። ተመራማሪዎች ላቢዮባርበስ ይሉታል። ሲያዩት አንድ ዓይነት ይመስላል እንጂ በጣና ብቻ የሚገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ናቸው፤ አፈ ሰፊው ትንንሽ ዓሣ ያድናል፣ ከንፈረ ወፍራሙ ከድንጋይ መካከል ምግቡን ይለቅማል። ከሐይቁ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን ዓሣ ስለሚያግድ፣ እዚሁ ለብቻቸው ተዋልደው ተለያዩ። ይህን የመሰለ የዝርያ ስብስብ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅም ነበር፤ እዚያ አብዛኛው ጠፍቷል። የእኛውንም የለኩት ሰዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ብዛቱ በ75 በመቶ ያህል ቀንሶ አግኝተውታል። ያኔ ሞኖፊላመንት የሚባለው ቀጭን የፕላስቲክ ክር መረብ እንደ ዛሬው በየቤቱ አልገባም ነበር።

ዓሣው የሚጠቃው በራሱ ጠባይ ነው። ሐምሌ ሲገባና ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ዓመቱን በሐይቁ ሙሉ ተበትነው የኖሩት ብዙዎቹ ዝርያዎች በየወንዙ አፍ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ጎርፉን እየጠበቁ ወደ ላይ፣ ጥርት ያለ ውሃና ጠጠር ወዳለባቸው ትንንሽ ገባሮች ይወጣሉ። እንቁላላቸውን የሚጥሉት እዚያ ነው። ስለዚህ በወንዙ አፍ መረብ የዘረጋ ሰው ድካም የለበትም፤ እንቁላል የተሸከመችው ዓሣ ራሷ ትመጣለታለች። ነሐሴ ሲብት ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ የሚበላው ሰው ብዙ ስለሆነ በየሆቴሉ የዓሣ ፍላጎት የሚጨምረው ልክ ዓሣው ለመራባት በሚሰለፍበት ሳምንት ነው። ግብርና ጽሕፈት ቤቶችም በዚያው ወራት በማዳበሪያ ሥርጭት ተወጥረው ይከርማሉ። ሕገ ወጡ አስጋሪ ይህን ሁሉ ከማንኛችንም በተሻለ ያውቃል።

አሁን ወደ መረቡ።

ነሐሴ ውስጥ አንድ ጠዋት ከወንዙ አፍ ስንደርስ ሞኖፊላመንት ተዘርግቶ አገኘን። ተንሳፋፊዎቹ ከቀይ ሸበጥ የተቆረጡ ነበሩ፤ ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋል። ውስጡ የተያዙት ዓሦች ሆዳቸው ሲነካ እንቁላሉ እጅ ላይ ይፈስ ነበር። አስተማሪው ጓደኛችን የግማሽ ቀን ስልጠና ወስዶ ስለነበር «አንስቶ ማስረከብ ነው» አለ። በሕይወት ያሉትን ለቀቅን፣ መረቡን በማዳበሪያ ከተትን፣ በባጃጅ ጭነን ወደ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄድን። የማን ወረዳ እንደሆነ አልናገርም።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ጠበቅን። ከሰዓት በኋላ አንድ ባለሙያ ወጥቶ የት እንዳገኘነው ጠየቀንና «ወንዙ ድንበር ነው፤ ከመሐሉ ወዲያ የእኛ አይደለም፣ የጎረቤት ወረዳ ነው» አለን።

«መረቡ እኮ ከዳር እስከ ዳር ነው የተዘረጋው» አልኩት።

«እንግዲያው ግማሹን እነሱ ጋ ውሰዱት።»

እየቀለደ እንደሆነ ለማየት ፊቱን አየሁት። አልቀለደም።

ጎረቤት ወረዳ ሄድን። እዚያ የተቀበለን ወጣት ጨዋ ልጅ ነው፤ ወንበር ሰጠን፣ መረቡን ዘርግቶ አየ፣ «ይህ የተከለከለ ነው» ብሎ አረጋገጠልን። ደረሰኝ ጠየቅኩት። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ንብረት ሲገባ ሞዴል 19 እንደሚቆረጥ አውቃለሁ። ግምጃ ቤት ኃላፊዋ ግን ሞዴል 19 ተገዝቶ ወይም በእርዳታ ለመጣ ንብረት እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር አይቆረጥም አሉ። ታዲያ ምን ይቆረጣል? ምንም። ቃለ ጉባኤ? ኮሚቴው አልተሟላም። በተራ ወረቀት ላይ ተቀብያለሁ ብለው ይፈርሙልን? «እሱ የሥራ መደቤ አይደለም» አሉ። መረቡ በር ሥር፣ ከባዶ የማዳበሪያ ከረጢቶች ጎን ቀረ፤ እኛ ባዶ እጃችንን ወጣን።

ከዚያ ፖሊስ ጠራን። ባለ መረቡ ንብረቴን ሰረቁኝ ብሎ ከስሶናል! የተከለከለ መረብ፣ በተከለከለ ቦታ፣ በተከለከለ ጊዜ የዘረጋ ሰው ተበዳይ ሆኖ ቃሉን ሲሰጥ እኛ ተከሳሽ ሆነን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መርማሪው የት አደረሳችሁት ብሎ ጠየቀን፤ ለጽሕፈት ቤቱ አስረክበናል አልን። «ደረሰኝስ?» አለን፤ የለንም አልን። ለጽሕፈት ቤቱ ተጻፈ፤ መልሱ ሲመጣ «በተጠቀሰው ቀን እንዲህ ያለ ንብረት ወደ ግምጃ ቤታችን ገቢ አልሆነም» ይላል። ቃል በቃል እውነት ነው። ገቢ አላደረጉትማ!

የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ኮፒ በቦርሳዬ ውስጥ ነበር። መርዝና ፈንጂ ይከለክላል፤ ስለ ዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪ ይደነግጋል። ክልሉም የራሱን አዋጅ አውጥቷል። ሕግ የለም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። የጎደለው ሕጉን ሲያመጡለት እጁን ዘርግቶ የሚቀበል፣ ተቀብሎም የሚፈርም ሰው ነው። ለመርማሪው አንቀጾቹን አነበብኩለት፤ በትዕግሥት ሰምቶኝ «ይህ ጥሩ ነው፣ ግን የስርቆቱ ጉዳይ ሌላ ነው» አለኝ።

ነገሩ በሽምግልና አለቀ። የመረቡን ዋጋ ከፈልን። አዎ፣ እኛ ከፈልን፤ እስከ ዛሬ ስጽፈው ያመኛል። እሑድ ወንዙ ጋ ስንመለስ ያው መረብ፣ በቀይ የሸበጥ ተንሳፋፊዎቹ፣ እዚያው ቦታ ተዘርግቶ አየነው። ከጽሕፈት ቤቱ በር ሥር ተነስቶ እንዴት እንደ መጣ የሚያስረዳኝ ካለ አዳምጣለሁ።

ካሸማገሉን አዛውንቶች አንዱ የአካባቢው እድር ዳኛ ነበሩ። ገንዘቡን ቆጥረን ስንጨርስ ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ ይህን ብር አስቀድመህ ወደኔ ብታመጣው፣ ጠላ አስጠምቄ እድርተኛውን እሰበስብበት ነበር» አሉኝ። መጀመሪያ የተሳለቁብኝ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ፤ «ጋሼ፣ አሁንም ባመጣውስ?» ስላቸው ሳቁና ቀን ቆረጡልኝ።

በእድሩ ስብሰባ ያልጠበቅነው ጥያቄ ተነሳ። አንድ ገበሬ ብድግ ብሎ «እናንተስ በመንጠቆ የምትወስዱት ዓሣ እንቁላል የለውም?» አለ። መንጠቆ እንደ መረብ አይጎዳም የሚለውን ክርክር ጀመርን፤ እውነት ነው፣ አይጎዳም፤ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ማንም ሊሰማው አልፈለገም። እነሱ መረብ የሚያቆሙ ከሆነ እኛም መንጠቆ ማቆም ነበረብን። ከሐምሌ 1 እስከ መስከረም 30 በወንዙ አፍ ማንም፣ በምንም መሣሪያ፣ ዓሣ እንዳያወጣ በመተዳደሪያ ደንቡ ገባ። ጥሶ የተገኘ የመረቡን ዋጋ እጥፍ ይቀጣል። መቀጮውን ካልከፈለ እድርተኛው ለቀብሩ አይወጣለትም። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጓደኛችን በክረምት ዘንጌን አልሰቅልም ብሎ ከእኛ ተለየ፤ አሁንም ቅር እንዳለው ነው። እኔ ግን በዚህ አልደራደርም። ሌላውን ከወንዝ አስወጥቶ ራሱ የሚገባ ባለ መንጠቆ፣ በቀጣዩ ክረምት የሚያምነው አያገኝም።

ባለ መረቡ? እድርተኛ ነው። መጀመሪያ የፈረመው እሱ ነበር፤ ፖሊስ ፊት ሲሳደብ የነበረው ሰው የቀብሩ ነገር ሲነሳ ድምፁ ዝቅ አለ። መረቡን በዚያ ወራት አላየሁትም። በኅዳር አውጥቶት ይሆናል፤ ለእሱ ገና አልደረስንም።

ገዢዎቹንም ሞክረናል፤ ብዙ አልሆነልንም። ንጋት ላይ የበረዶ ሣጥን ይዘው ወንዝ ዳር የሚጠብቁትን ነጋዴዎች ማሳመን አልቻልንም። አንድ የሆቴል ወጥ ቤት ሠራተኛ ብቻ ሆዷ የተነፋ ዓሣ አልቀበልም አለች፤ ለመፈልፈል ሥራ ያበዛብኛል የሚለው ምክንያቷ ከእኛ ምክንያት ጋር ባይገናኝም ተቀብለነዋል።

ወደ ቢሮ መሄዳችሁ ካልቀረ ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ ያዙ፤ አንዱ ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ማኅተም ሳያሳርፍላችሁ አትውጡ። ከደብዳቤው ግርጌ ግልባጭ ለዞኑም፣ ለፖሊስም፣ ለጎረቤት ወረዳውም ጻፉ። ኃላፊዎች ደብዳቤውን ላያነቡት ይችላሉ፣ ግልባጩን ግን ያነባሉ። ማታ ወደ ወንዝ አትሂዱ። መረብ ማንሳት የሚያምራችሁ ከሆነ ግንቦትን ጠብቁ፤ ሐይቁ ሲሸሽ ከጭቃው ውስጥ የተቀደደ ሞኖፊላመንት ይወጣል፤ የዓሣና የወፍ አጥንት እንደተጠላለፈበት። እሱ ባለቤት የለውም፤ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ግን ማጥመዱን አያቆምም። አንስታችሁ ብታቃጥሉት የሚከሳችሁ የለም።

ያልፈታነው የብርብራው ነው። ከላይ፣ ገባሮቹ ጋ፣ ዓሣ የሚመርዘውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጠው ውሃው ውስጥ የሚጨምሩ አሉ፤ ትልቁም ጫጩቱም አንድ ላይ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ወንዙ አፍ ላይ አልፎ የወጣው ዓሣ እዚያ ሲያልቅ የእኛ ደንብ ምን ዋጋ አለው? ሰዎቹ የሌላ ቀበሌ ናቸው፣ የእኛ እድር አይደርስባቸውም። የአሸዋ አውጪዎቹ ነገርም አለ፤ ጠጠሩን ጭነው ከሄዱ እንቁላል የሚጣልበት ቦታ አይቀርም፤ እነሱ ደግሞ ፈቃድ አላቸው፣ በማኅተም። የላይኛው ቀበሌ እድር ዳኛ ደንባችንን ኮፒ አድርጌ እንዳመጣላቸው ልከውብኛል። ኮፒ ቤቱ መብራት ሲመጣለት እወስድላቸዋለሁ፤ ለብርብራ ግን መቀጮው ከመረቡ እንዲበልጥ ከአሁኑ ነግሬያቸዋለሁ።