«ደህና ነኝ፣ ተመስገን» ፋይል ውስጥ ሲገባ

አሜሪካ ውስጥ የዲሰቢሊቲ (ታሞ መሥራት ላልቻለ ሰው የሚሰጥ አበል) ማመልከቻቸው ስለሚወድቅባቸው ወገኖቻችን ባሰብኩ ቁጥር አንዲት ቃል ትመጣብኛለች፦ «ደህና ነኝ»። ሐኪሙ ገና በሩን ከፍቶ ሲገባ «እንዴት ነህ?» ይላል። ወገባችን እየተቆረጠ እንኳ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እንላለን። ለእኛ ሰላምታ ነው፣ ምስጋናም ነው። ሐኪሙ ግን ኮምፒውተሩ ላይ «ታካሚው ደህና መሆኑን ተናግሯል» ብሎ ይመዘግበዋል። ከዓመት በኋላ አበሉን የሚሰጠው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ፋይሉን ሲያገላብጥ ያቺ መስመር ማስረጃ ሆና ትቀርባለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እዚህ ቃል በቃል ይደርሳል።

ምስጋናውን መተው አያስፈልግም፤ ቁጥር ይከተለው። ስንት ደቂቃ መቆም፣ ስንት ደቂቃ መቀመጥ፣ ስንት ፓውንድ ማንሳት ይቻላል? በወር ስንት ቀን ከአልጋ መነሳት ያቅታል? መሥሪያ ቤቱ አበል የሚሰጠው ለበሽታ ስም አይደለም። የሚያየው ሕመሙ 12 ወር የቆየ፣ ይቆያል ተብሎ የሚጠበቅ ወይም ለሞት የሚያደርስ መሆኑን፣ ከዚያም ሰውየውን ከሥራ ማገዱን ነው። ስለዚህ ሐኪም «ይህ ሰው መሥራት አይችልም» ብሎ የሚጽፋት አንድ መስመር ደብዳቤ እምብዛም አትረዳም፤ ያ ውሳኔ የመሥሪያ ቤቱ ነው። የሚረዳው በምርመራ ውጤት ተደግፎ ገደቡን በሰዓትና በክብደት የሚያስቀምጥ የሐኪም ቅጽ ነው።

የዕለት ኑሮን የሚጠይቀው ቅጽ፣ ኤስኤስኤ-3373፣ ላይም ያው ነው። «ምግብ ታበስያለሽ?» ሲል «አዎ» ተብሎ ይታለፋል። እውነቱ ግን ወንበር ላይ ተቀምጣ ሽሮ ታሞቃለች፤ ምጣድ ፊት ከ10 ደቂቃ በላይ መቆም ስለማትችል እንጀራ መጋገር ከተወች ቆይታለች። መጻፍ ያለበት ይህ ነው፣ ሳይጨመር ሳይቀነስ። ማጋነን ከመደበቅ እኩል ይጎዳል፤ አንድ የተጋነነ መልስ ከሕክምና መዝገቡ ጋር ሲጋጭ ሌላው ሁሉ ይጠረጠራል።

ጸበልም እንዲሁ ነው። ለወራት ጸበል ተሂዶ ወይም ኢንሹራንስ ተቋርጦ ክሊኒክ ሳይኬድ ቢቀር፣ ፋይሉ ላይ ባዶ ቦታ ይታያል፤ መርማሪውም «ተሽሎት ነው» ብሎ ሊተረጉመው ይችላል። ምክንያቱ ይነገር፣ ይጻፍ። ሰውየው ያልታከመበትን ምክንያት መርማሪዎቹ እንዲያዩ ደንቡ ራሱ ያዛቸዋል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። ማመልከቻው ውድቅ ሲሆን ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይም ከስድስት ወር በኋላ አዲስ ማመልከቻ ያስገባል። ሁለቱም ስህተት ነው። ይግባኝ የሚጠየቀው የውድቅ ደብዳቤው በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ነው። ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን በ5 ቀን እንደደረሰ ስለሚቆጠር በጠቅላላው 65 ቀን መሆኑ ነው። መጀመሪያ በኤስኤስኤ-561 እንደገና እንዲታይ ይጠየቃል፤ ያም ከወደቀ በኤችኤ-501 ዳኛ ፊት ችሎት፤ ከዚያ የይግባኝ ምክር ቤት፤ በመጨረሻ የፌዴራል ፍርድ ቤት። በየደረጃው ያው 60 ቀን ነው። ቀኑ ቢያልፍ እንኳ እንደ ሆስፒታል መተኛት ያለ በቂ ምክንያት ተጽፎ ሊጠየቅ ይችላል። ያስገቡበትን ማረጋገጫ መያዝ ግን አይረሳ።

አዲስ ማመልከቻ የሚጎዳው ውዝፉን፣ ማለትም ላለፉት ወራት የሚከፈለውን አበል፣ ስለሚቆርጥ ነው። በሥራ ግብር የሚገኘው ኤስኤስዲአይ ወደ ኋላ የሚከፍለው ከማመልከቻው ቀን ቢበዛ 12 ወር ነው። ማመልከቻው ሲታደስ ያለፈው ጊዜ አብሮ ይሄዳል። ከዚያ የከፋም አለ፦ የኤስኤስዲአይ መድን ሽፋኑ የሚያበቃበት ቀን። 31 ዓመት ያለፈው ሰው ከመጨረሻዎቹ 10 ዓመታት ቢያንስ 20 ክሬዲት (ግብር ከተከፈለበት የሥራ ገቢ የሚቆጠር ነጥብ) ያስፈልገዋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ 4 ነው። ሳያቋርጥ ሲሠራ የኖረ ሰው ሥራ ካቆመ አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሽፋኑ ያበቃል። ከዚያ በኋላ የሚያመለክት ሰው አካል ጉዳቱ ከዚያ ቀን በፊት እንደጀመረ በድሮ መዝገብ ማሳየት አለበት።

ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወንድሞች ይህን ይስሙኝ። ክሬዲት የሚቆጠረው ወጪ ተቀንሶ በሚቀረው ገቢ ነው። በ2025 አንድ ክሬዲት 1,810 ዶላር ነበር፣ ለተነዳ ለእያንዳንዱ ማይል ከገቢ የሚቀነሰው ደግሞ 70 ሳንቲም። 40,000 ዶላር አስገብቶ 50,000 ማይል የነዳ ሰው 35,000 ይቀነስለትና 5,000 ይቀረዋል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲነዳ ውሎ ያገኘው 2 ክሬዲት ብቻ ነው። ተቀናሹ ሕጋዊ ነው፤ ግን ይህን ያወቀ ሰው ሲታመም አይደነግጥም። ታክስ ያልተሞላበት ዓመት ካለ፣ ዓመቱ ካለቀ 3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ሳይሞላ ይሞላ። ካለፈ ያ ገቢ አይቆጠርም።

ክሬዲት የሌለውና ገቢው አነስተኛ የሆነ ሰው የሚጠይቀው ኤስኤስአይን ነው። እዚያ ደግሞ በዲቪ የመጣ ሰው በአብዛኛው ዜግነት ወይም 40 ክሬዲት ይጠየቃል፤ ለስደተኛና ጥገኝነት ላገኘ የ7 ዓመት ገደብ አለ።

ጠበቃ ውድ ነው የሚለው ፍርሃት እዚህ ጋ ቦታ የለውም። በተለመደው ውል ጠበቃው የሚያገኘው ካሸነፈ ብቻ ነው፤ ከውዝፉ 25 በመቶ፣ ጣሪያው በ2025 9,200 ዶላር ነበር። በዚያ ጣሪያ ውዝፉ 20,000 ከሆነ 5,000፤ 60,000 ከሆነ ግን 15,000 ሳይሆን 9,200። ከወደፊቱ ወርኃዊ አበል ምንም አይወስድም። ክፍያውን የሚያጸድቀው ሶሻል ሴኩሪቲ ነው። «ጉዳይህን አስጨርሳለሁ» እያለ አስቀድሞ ጥሬ ገንዘብ የሚቀበል ሰው ጋ አይሂዱ። ውሉ ላይ ሁለት ነገር ይታይ፦ የሕክምና መዝገብ ማስወጫውን ማን ይከፍላል፣ ጉዳዩ ከዳኛው ካለፈስ ጣሪያው ይቀራል ወይ። አቅም የሌለው ሰው ነጻ የሕግ አገልግሎት የሚሰጡ ድርጅቶችንና የሕግ ትምህርት ቤት ክሊኒኮችን ይጠይቅ። ችሎት ሳምንት ሲቀረው አይደለም፤ የመጀመሪያው ደብዳቤ እንደመጣ።

ምክንያቱም የችሎቱ ጥሪ ቢያንስ 75 ቀን ቀድሞ ይመጣል፤ ማስረጃ ደግሞ ከችሎቱ 5 የሥራ ቀን በፊት መግባት ወይም መኖሩ መነገር አለበት። መዝገብ ከሆስፒታል እስኪወጣ ሳምንታት ይፈጃል። ችሎቱ ላይ ዳኛው ስለ ሥራ ገበያ የሚመሰክር ባለሙያን «እንዲህ ያለ ገደብ ያለበት ሰው ምን ሥራ ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። የጠበቃው ሙያ የሚለየው እዚያ ነው። «በወር ሦስት ቀን ቢቀርስ?» ብሎ መልሶ ይጠይቃል፤ ሦስት ቀኑ ግን አስቀድሞ በሐኪሙ ቅጽ ላይ መኖር አለበት።

አስተርጓሚ በነጻ ይቀርባል፣ አማርኛም አለ። ልጅን ወይም ዘመድን ለዚህ ማስገባት አይገባም፤ ልጅ ፊት የማይነገር ሕመም አለ። ደግሞም ቋንቋችን ራሱ ወጥመድ አለው። «እጄን ያመኛል» ስንል ከትከሻ እስከ ጣት ነው፤ «እግሬን» ስንል ከዳሌ እስከ ጣት። እንግሊዝኛው እነዚህን ለይቶ ይጠራል፤ ዳኛውም ይለያቸዋል፤ ጣቱ የደነዘዘ ሰው የሚከለከለው ሥራ ትከሻው ካልተነሳለት ሰው ይለያል። ስለዚህ እየጠቆሙ «ከክርን በታች፣ እነዚህ ሁለት ጣቶች፣ ቁልፍ መቆለፍ አልችልም» ይባል። ችሎቱ በስልክ ከሆነ መጠቆም አይታይምና በቃል ይነገር። አስተርጓሚው ካሳሳተ እዚያው «ይቅርታ፣ እንዲህ አላልኩም» ማለት ይቻላል፤ ችሎቱ በድምፅ ስለሚቀዳ እርማቱም አብሮ ይቀዳል።