ትራክተር ወደ ሰንዳፋ ስንልክ

በስደት ያለን ሰዎች ለቤተሰብ ብር እንልካለን፤ ብሩም ያልቃል። ለአጎቴ ትራክተር ልላክላቸው ብዬ የተነሳሁት ለዚህ ነው። የሚያርሱት ከአዲስ አበባ ወጣ ብሎ ሰንዳፋ አጠገብ ነው። ጤፍና ስንዴ ይዘራሉ። መሬቱ ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ እግር ይይዛል። የሚታረስበት ጊዜ አጭር ስለሆነ የኪራይ ትራክተር ወረፋ ሲጠብቁ ዝናቡ ይቀድማቸዋል።

የምኖረው እንግሊዝ ነው። እዚህ ያገለገለ ትራክተር በጨረታ ይሸጣል። ካቢኑ የተዘጋ፣ ኮምፒውተር የተገጠመለት ሞልቷል፤ ዓይንም ይስባል። እኔ ግን ከሻጩ በፊት የደወልኩት ሰንዳፋ ላለ መካኒክ ነው። «ማሲ ፈርጉሰን ከሆነ አምጣው፣ ድምፁን ሰምቼ በሽታውን አውቃለሁ» አለኝ። ስለዚህ ማሲ ፈርጉሰን 290 ገዛሁ፤ ባለ 4 ሲሊንደር ፐርኪንስ ሞተር ያለው። ወዳጆቼ «ምነው አሮጌ?» አሉኝ። በኔ እምነት ለገጠር ትራክተር የሚመረጠው የሚጠግነውን ሰው አይቶ ነው። ሰንሰሩ ሲበላሽ ላፕቶፕ የሚፈልግ ማሽን ማሳ ላይ ቆሞ ቢቀር ማን ይደርስለታል?

ታጥቦ፣ ጎማው ወልቆ፣ 40 ጫማ ኮንቴይነር ውስጥ ገባ። ከኋላው ባለ ዲስክ ማረሻ፣ ፊልትሮዎችና ፍሪሲዮን ጨመርንበት። እዚህ ላይ አደራ የምላችሁ፦ ትንሿም ዕቃ ብትሆን ፓኪንግ ሊስቱ (የተጫነው ዕቃ ዝርዝር) ላይ ትስፈር። ያልተጻፈ ዕቃ ጉምሩክ ላይ ከተገኘ ሙሉውን ጭነት ሊያስይዝ ይችላል።

የመርከብ ዋጋ ስትጠይቁም ጅቡቲ ድረስ ብቻ አትጠይቁ። ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከሞጆ ደግሞ እስከ ማሳው በሎቤድ (ከባድ ማሽን በሚጭን ዝቅተኛ ተሳቢ) ማጓጓዣ አለ። በ2016 ሐምሌ ላይ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ በዶላር የሚታሰበው ሁሉ በብር ሲመነዘር ያስደነግጣል።

ከማሽኑ ይልቅ ያደከመን ወረቀቱ ነው። ገንዘቡን የከፈልኩት ከዚሁ ከውጭ ስለሆነ ዕቃው የገባው በፍራንኮ ቫሉታ ነው፤ ማለትም ከአገር ቤት ባንክ የውጭ ምንዛሬ ሳይጠየቅ። ፈቃዱ ደግሞ ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት ማለቅ ነበረበት። የእርሻ መሣሪያ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ በ2011 ተፈቅዷል። ቢሆንም ነፃነቱ የሚገኘው ሰነዱ ሲሟላ ነው። ጎበዝ ትራንዚተር (የጉምሩክ ጉዳይ አስፈጻሚ) ያስፈልጋል። የኛ ሰውዬ በ8701 የሚጀምረውን የትራክተር የጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር በቃሉ ነው የሚያውቀው።

ችግር የገጠመን በስም ነው። ጫኚው ድርጅት ቢል ኦፍ ሎዲንጉ (የመርከብ ጭነት ሰነዱ) ላይ የአጎቴን ስም በእንግሊዝኛ ሲጽፍ አንዲት ፊደል ለወጠ። መታወቂያቸው ላይ ካለው ጋር አልገጥም አለ። ማስተካከያ ደብዳቤ እስኪመጣ ኮንቴይነሩ ሞጆ ተቀመጠ፣ የመጋዘኑም ሂሳብ መቁጠር ጀመረ። በጣም ተናደድኩ። አጎቴ «ተው ልጄ፣ ብረት አይበሰብስም» እያሉ ያረጋጉኝ ነበር። እናንተ የሰነዱን ረቂቅ አስልካችሁ ከመታወቂያው ጋር ፊደል በፊደል ሳታስተያዩ መርከቡ አይነሳ።

አሁን ትራክተሩ የአጎቴን ማሳ አርሶ ሲጨርስ ጎረቤት በሰዓት እየከፈለ ያሳርስበታል። ከሚገባው ገንዘብ ላይ ለዘይትና ለመለዋወጫ የሚሆነውን መጀመሪያ ለይተው ያስቀምጣሉ። ሰሞኑን ደግሞ ተጎታች ጋሪ ይፈልጋሉ። እሱን እንኳ አዲስ አበባ የሚበይድ ሰው ስላለ እዚያው እናሠራዋለን።